ፋዘርን እናቆየው ወይስ እናሰናብተው?

በዚህ ዕትም ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ረጅም ነው፣ መልሱም ይረዝማል። ሁለቱ የእሱ የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ አብሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከቱሉ ዲምቱ ነው። የሰፈራችንን ቡድን የማስተባብረው እኔ ነኝ። አሰልጣኙም እኔ፣ ኳስ የምነፋውም እኔ። ክረምት ላይ ባለው የሰፈሮች ውድድር የሚመዘገበው 20 ተጫዋች ብቻ ነው። 19ኙ ታውቀዋል። ጠብ ያስነሳችው የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። ተከላካይ አማካያችን 22 ዓመቱ ነው፣ ቋሚ ተሰላፊ ነው፣ እሱ ላይ ማንም ጥያቄ የለውም። የእሱ ተጠባባቂ ግን 38 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ልጆቹ «ፋዘር» ይሉታል። ቡድኑ ሲመሠረት ጀምሮ የነበረ ነው። ስድስት ዓመት አምበል ሆኖ መርቶናል። ማልያ ባጣን ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ የገዛልን እሱ ነው። አሁን ግን ከብዷል። አምና ክረምት አራት ጨዋታ ላይ ተቀይሮ ገባ። በአንዱ ውጤት አስጠብቆ አወጣን፣ በሌላው በእሱ በኩል ሁለት ጎል ገባብን። በሌላ በኩል የ17 ዓመት ልጅ አለን። ይሮጣል፣ ድካም አያውቅም፣ ቦታው ግን ገና አልገባውም። የቡድኑ ግማሽ «ፋዘር ይብቃው፣ ጤና ቡድን ይግባ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እሱ ከሄደ እኛም የለንም» ይላል። እኔ እሱን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጥልህ። አቆየው። ግን ለዚህ ክረምት ብቻ፣ የሚሠራውን ሥራ ለይተህ፣ ለራሱም ቁጭ አድርገህ ነግረኸው። እነዚህ ካልተሟሉ አታቆየው። ያኔ ማቆየቱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱን ነው።

መጀመሪያ ውለታውን ከምዝገባው ለየው። ማልያ ገዝቶላችኋል፣ ስድስት ዓመት መርቷችኋል። ትልቅ ነገር ነው፣ ልታመሰግኑትም ይገባል። ምስጋናው ግን 20ኛው ስም መሆን የለበትም። እንደዚያ ከሆነ እሱ በልጆች ፊት ምጽዋት የተቀበለ ያህል ይሰማዋል፣ ልጆቹም ልምምድ ላይ ያፈሰሱት ላብ እንደማይቆጠር ይማራሉ። ለምስጋናው ሌላ ቀን ፈልጉለት። ውድድሩ ሳይጀመር አንድ እሑድ ባለቤቱንና ልጆቹን ጠርታችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ያደረገላችሁን እየቆጠራችሁ ንገሩት። ይህን ስትጨርሱ የቀረው የኳስ ጉዳይ ብቻ ይሆናል፣ ስለ ኳስ ደግሞ በግልጽ መነጋገር ይቻላል።

ዕድሜውም ብቻውን ምንም አይነግርህም። ክላውድ ማኬሌሌ በዚሁ በተከላካይ አማካይ ቦታ ለፓሪስ ሴንት ጀርሜን እየተጫወተ ጫማ የሰቀለው በ38 ዓመቱ ነው። በ28 ዓመቱ ጉልበቱ አልቆ ያቆመ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል። አንተ ልትጠይቅ የሚገባህ 20ኛው ሰው ሥራው ምንድን ነው ብለህ ነው።

የተጠባባቂ ተከላካይ አማካይ ሥራ እንደ አጥቂ ተጠባባቂ አይደለም። አጥቂ ሲቀየር የሚገባው ጨዋታ ለመቀየር ነው። ይሄኛው የሚገባው ጨዋታው እንዳይቀየር ነው። አንድ ለዜሮ እየመራችሁ 20 ደቂቃ ሲቀር፣ ልጆቹ ሁሉ ሌላ ጎል ፍለጋ ወደፊት ነቅለው ሲሄዱ፣ መሃል ላይ ቆሞ «ተመለስ፣ ቦታህን ያዝ» የሚል ሰው ያስፈልጋችኋል። ኳስ ሲነጠቅ መንገዱን ቀድሞ የሚዘጋ፣ ፋውል መሥራት ያለበትን ቦታና መሥራት የሌለበትን ቦታ የሚያውቅ፣ ዳኛውን ሳይሳደብ የሚያናግር። ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራው ብዙ ጨዋታ ያሳለፈ ሰው ነው። 17 ዓመቱ ልጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፤ ኳሷን ተከትሎ ሜዳውን ሁሉ ይዞራል፣ ተመልካቹ ያጨበጭብለታል፣ ጎሉ የሚገባው ግን እሱ ትቶት በሄደው ቦታ በኩል ነው። ይህን ስል ልጁን ማሳነሴ አይደለም። ሁላችንም በ17 ዓመታችን እንደዚያው ነበርን።

አንድ ጨዋታ ላስታውስህ። አንተም ሳታየው አትቀርም። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ማንቸስተር ሲቲ ከሪያል ማድሪድ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ። ፈርናንዲንሆ ያኔ 37 ዓመት ሊሞላው ቀናት ነበር የቀሩት። ቦታውን ሮድሪ ከያዘው ቆይቷል፣ እሱ የቡድኑ አምበል ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ነው። ጆን ስቶንስ ሲጎዳ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀኝ ተከላካይነት አስገቡት፣ ቦታው ባልሆነ ቦታ። ከእረፍት መልስ ጥሩ ኳስ አሻግሮ ፎደን በጭንቅላት አገባው። ሁለት ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ ያው ፈርናንዲንሆ መስመር ላይ ቪኒሲየስን ሊቀድም ወጣ፣ ልጁ ኳሷን አሳልፎት ዞረ፣ ከዚያ በኋላ ሩጫው ከግማሽ ሜዳ ጀምሮ እስከ ጎሉ ድረስ ነበር፣ ፈርናንዲንሆ ከኋላ እየተከተለ አልደረሰበትም፣ ጎል ሆነ። ሲቲ በመጨረሻ 4 ለ 3 አሸነፈ። እኔ ያን ጨዋታ ሳይ ስለ አንጋፋ ተጫዋች ማወቅ የሚያስፈልገኝን ሁሉ በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ አየሁት ብዬ ነው የማምነው። ልምዱ ጎል አመጣ። እግሩ ጎል አስገባበት። ሰውየው አንድ ነው።

አምና በእናንተ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በአንዱ ጨዋታ አዳናችሁ፣ በሌላው ሁለት ጎል ገባበት። እስቲ ተመልሰህ አስታውስ። ያዳናችሁ ዕለት የት ቆሞ ነበር? ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ጎል የገባበት ዕለትስ? ልገምት፤ ጎል የገባበት ዕለት ቀደም ብሎ ነው የገባው፣ ወይ ደግሞ ወደ ዳር አውጥታችሁት ፈጣን ልጅ ፊት ለፊት አቁማችሁታል። ከተሳሳትኩ ይቅርታ፣ ግን ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ከ30 በኋላ መጀመሪያ የሚከዳህ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት፣ ከዚያ ዞሮ መሮጥ። ትንፋሹም ይቀንሳል፤ ልምምድ የማይሠራ ሰው ከ30ዎቹ ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ የሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ወደ 10 ከመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ጨዋታ ማንበብ ግን አይቀንስም። እንዲያውም ይጨምራል። ስለዚህ ፋዘርን ዳር ላይ አታውጣው፣ መሃል ላይ ሁለት ተከላካዮቹ ፊት አቁመው፣ ከኋላው ሰፊ ሜዳ አትተውለት። መስመራችሁ ወደ ኋላ ሳብ ይበል።

የክረምቱን ጭቃ ደግሞ አትርሳ። የእናንተ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው። ሐምሌ ላይ ታኬታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጭቃ ፈጣኑን ልጅ ያዘገየዋል፣ ይሄ ለፋዘር ጥሩ ነው። ግን ጡንቻም ያደክማል፣ የጭን ጀርባ የሚሸመቀቀው እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳያሟሙቅ ከወንበር አንስተህ እንዳታስገባው። ልምምድ ላይም አንድ ነገር ይሥራ፤ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይዞለት፣ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደፊት መውደቅ። መጀመሪያ ሳምንት ያማል። ይህን ልምምድ በመደበኛነት የሚሠሩ ቡድኖች የጭን ጀርባ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው፣ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም። ልጆቹም ይሥሩት።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስለ ፋዘር የሚከራከሩ ሰዎች ልጁን ይረሱታል። ልጁ ይጫወት የሚሉት እንኳ ስለ እሱ አላሰቡም ብዬ እፈራለሁ። 17 ዓመቱ ልጅ 20ኛ ስም ሆኖ ቢመዘገብ ምን ያገኛል? ክረምቱን ሙሉ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምናልባት በጠቅላላው 30 ደቂቃ ይጫወታል። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈልገው ደግሞ መጫወት ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ፣ ሙሉ ጨዋታ፣ እየተሳሳተ፣ እየተቆጣ። የተጠባባቂ ወንበር ለ38 ዓመት ሰው ሥራ ነው፣ ለ17 ዓመት ልጅ ግን የባከነ ክረምት ነው። በአካባቢያችሁ የታዳጊዎች ውድድር ካለ እዚያ ቋሚ ሆኖ ይሰለፍ። ከሌለም ከገላን፣ ከአቃቂ ልጆች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ማዘጋጀት ይቻላል፣ አንተ አስተባባሪ ነህ፣ ስልክ መደወል ነው። ልምምዱን ከእናንተ ጋር ይሥራ፣ ጨዋታውን እዚያ ይጫወት።

«ቋሚው ቢጎዳ ወይም በካርድ ቢቀጣስ፣ ፋዘር 90 ደቂቃ ይችላል ወይ?» ትለኛለህ። አይችልም። እንዲሞክርም አታድርገው። ግን 19ኙን እንደገና ቁጠራቸው። የሰፈር ቡድን ሲመዘገብ ሁልጊዜ አጥቂ ይበዛል፣ ሁሉም ጎል ማግባት ነው የሚፈልገው። ከመሃል ተከላካዮቹ አንዱ ኳስ የሚይዝ ከሆነ ወደፊት ገፋ አድርገህ ከአሁኑ አለማምደው፣ ለመጨረሻው 25 ደቂቃ ፋዘር ይተካዋል። ምናልባትም እንዲህ ስትቆጥር ስድስተኛና ሰባተኛ አጥቂ ታገኛለህ፣ ያኔ ለልጁም ቦታ ይገኛል። እኔ ብሆን ከፋዘር በፊት ሰባተኛውን አጥቂ ነበር የምጠይቀው።

ከመወሰንህ በፊት ፈትነው። ሩጫ አስሮጠህ ሰዓት አትያዝ፣ እሱን ማዋረድ ነው፣ ምንም አይነግርህም። ሦስት የልምምድ ጨዋታ አዘጋጅ። ሁለቱ በተከታታይ ቀናት ይሁኑ፣ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ ችግሩ ዛሬ መጫወቱ ሳይሆን ነገ ከአልጋ መነሳቱ ነው፣ ውድድራችሁ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጨዋታ ሊኖረው ይችላል። በሦስቱም መጨረሻ 25 ደቂቃ አስገባው፣ ትኩስ ልጆች ፊት። ከዚያ ሩጫውን ተወው፣ ቡድናችሁ ኳስ ሲነጠቅ የት እንደሚቆም እይ። ከኋላ ሰው መጎተት ከጀመረ፣ ደጋግሞ ዘግይቶ ሸርታቴ ከወረደ፣ እግሩ አልቋል ማለት ነው፣ ጭንቅላቱ የሚያየው ቦታ ላይ እግሩ አይደርስም። ያኔ በሐዘን አሰናብተው። ሁልጊዜ ቀድሞ ቆሞ ካገኘኸው ግን ሰውህ አለህ።

ከወንበር ተነስቶ መጥቀም የሚቻል ነገር መሆኑን ለሚጠራጠሩ ልጆችህ ስለ ሮጀር ሚላ ንገራቸው። የ1990ው (እ.ኤ.አ.) የጣልያን ዓለም ዋንጫ ሲደርስ 38 ዓመቱ ነበር፣ ልክ እንደ ፋዘር። ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አግልሎ ነበር፣ የካሜሩን ፕሬዚዳንት ፖል ቢያ ናቸው እንዲመለስ ያደረጉት። አራት ጎል አገባ፣ አራቱንም ተቀይሮ ገብቶ። ካሜሩን ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ሙሉ 90 ደቂቃ ይጫወት ብለው ቢያሰልፉት ኖሮ ያን ሁሉ ያደርግ ነበር ብዬ አላምንም። ሰውየውን ያተረፈው ሥራው በደቂቃ ተለክቶ መሰጠቱ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። ቀና ብለህ ማየት አቅቶሃል ብለሃል። ይህን አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ በሌላው ወገን ሆኜ ግን። 34 ዓመቴ ነበር። እጫወትበት የነበረው ቡድን ለአዲሱ ውድድር ስም ዝርዝር አወጣ፣ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ማንም ምንም አልነገረኝም። ታኬታዬን በፌስታል ይዤ ለልምምድ እየሄድኩ አንድ ትንሽ ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ጋሼ፣ ስምህ የለም እኮ» አለኝ። ሄጄ አነበብኩት። እውነት ነው፣ የለም። መቀነሴ ልክ ነበር፣ ጉልበቴ አልቆ ነበር፣ እኔም አውቀው ነበር። ያቆሰለኝ መቀነሴ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንበላ የኖርን ሰዎች አንዳቸውም ቤቴ ድረስ መጥተው ሊነግሩኝ አለመቻላቸው ነው። ሁለት ዓመት በዚያ ሜዳ አላለፍኩም፣ ታክሲ እንኳ ስይዝ ዞሬ ነበር የምሄደው። ዛሬም ስጽፈው ደስ አይለኝም።

ስለዚህ ሂድና ንገረው። ሜዳ ላይ አይሁን፣ ልጆቹ ፊትም አይሁን፣ በቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ በፍጹም። ቤቱ ሂድ ወይ ቡና ጋብዘው። «ቋሚ አይደለህም፣ የቋሚው ቀጥታ ተተኪም አይደለህም፣ ስንመራ ለመጨረሻው 20 ደቂቃ የምንፈልግህ ሰው ነህ፣ ጭራሽ የማትገባበት ጨዋታም ይኖራል፣ በልምምድ ላይ ደግሞ ልጁን ይዘህ ቦታውን ታስተምርልኛለህ» በለው። አታለሳልስበት። ከዚያ ዝም ብለህ ስማው። «እኔ ወይ እጫወታለሁ ወይ እሄዳለሁ» ካለህ መብቱ ነው፣ አመስግነህ ሸኘው። እሺ ካለህ ግን የነገርከውን አትቀይርበት፤ ሁለት ጨዋታ ሳታስገባው ቀርተህ ቤተሰቡ መጥቶ ሲያይ አዝነህ በ40ኛው ደቂቃ እንዳታስገባው።

«እሱ ከሄደ እኛም የለንም» የሚሉትን ራሱ ፋዘር እንዲያናግራቸው ጠይቀው። ስድስት ዓመት አምበል የነበረ ሰው ይህን ያውቃል። «ጤና ቡድን ይግባ» ለሚሉት ደግሞ ጤና ቡድን ስድብ እንዳልሆነ ንገራቸው። እሑድ ጠዋት ጃን ሜዳ ብትሄዱ ሆዳቸውን ይዘው፣ እየሳቁ፣ እየተጨቃጨቁ የሚጫወቱ አባቶች ታያላችሁ፤ ሰዎቹ እዚያ የሚሄዱት ኳስ ስለሚወዱ ነው። ፋዘርም በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ሊሄድ ይችላል። ራሱ ፈልጎ ይሂድ፣ ተባሮ አይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ከለገጣፎ ነኝ። ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው፣ የእነሱን ፉትቦል በጣም ይከታተላል። ባለፈው በስልክ ተከራከርን። ቡድኑ አንድ ያረጀ ተጠባባቂ ላይንባከር አለው፣ «ያሰናብቱት» ይላል። እኔ «ልምድ አለው፣ ይቆይ» አልኩት። «ጨዋታው አልገባህም» አለኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድምህ ወደ እውነቱ ይቀርባል፣ ግን አንተም ባዶ እጅህን አይደለህም። ላይንባከር ማለት ከፊት ከሚጋፉት ግዙፎች ኋላ ቆሞ ሩጫውንም ቅብብሉንም የሚያቆመው ተከላካይ ነው። በእኛ ኳስ ብናመሳስለው ተከላካይ አማካይ ይሆናል። ልዩነቱ ተጠባባቂው ላይ ነው። እዚያ ተጫዋች እንደፈለጉ መቀያየር ይቻላል፣ እንደ እኛ አምስት ብቻ ተብሎ አይገደብም። ቡድኑ 53 ሰው ይመዘግባል፣ በጨዋታው ቀን የሚለብሰው ግን ቢበዛ 48 ነው። ስለዚህ ተጠባባቂ ላይንባከር ቁጭ ብሎ ዕድሉን አይጠብቅም፤ ኳስ በእግር ተመትቶ በሚጀመርበትና በሚላክበት ጊዜ ሁሉ ገብቶ ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ ሰው መጣል አለበት። እንጀራው እሱ ነው። ይህ ደግሞ ንጹህ የእግር ሥራ ነው። መሃል ላይ ቆሞ ብልጠቱን የሚያሳይባት የመጨረሻ 20 ደቂቃ ለእሱ የለችም። እግሩ ያለቀ ተጠባባቂ እዚያ ከእኛ ፋዘር ይልቅ ቶሎ የሚሰናበተው ለዚህ ነው።

አንተ ልክ የምትሆንበት ግን አንድ ቦታ አለ። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተከላካዮቹ አንዱ የራስ ቁሩ ውስጥ የአሰልጣኙን ድምፅ የሚሰማበት ሬዲዮ አለው፣ ትእዛዙን ሰምቶ ለቀሩት አሥሩ ያስተላልፋል። ብዙውን ጊዜ ያ ሰው ላይንባከር ነው። እሱ ቢጎዳ ሬዲዮውን ተቀብሎ ሁሉንም በቦታው ማቆም የሚችል ሽማግሌ ተጠባባቂ ካለ፣ የወንድምህ ቡድን ባያሰናብተው ይሻላል። ያንን የማይችል፣ በመላኪያውም ጊዜ የማይሮጥ ከሆነ ግን ወንድምህ ልክ ነው።

ላይንባከሩን ጄምስ ሃሪሰንን ለወንድምህ አንሳለት። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ በፍጻሜው ጨዋታ ከራሱ መስመር ጫፍ ኳስ ነጥቆ 100 ያርድ ሮጦ ነጥብ ያስቆጠረ የፒትስበርግ ጀግና ነው። በ2017 መጨረሻ፣ 39 ዓመቱ ላይ፣ ያው ቡድን አሰናበተው። ወዲያው ተቀናቃኙ ኒው ኢንግላንድ ፈረመው፣ ከእነሱ ጋር እስከ ፍጻሜው ደረሰ፣ እዚያ 41 ለ 33 ተሸነፉ። የፒትስበርግ ሰዎች ተሳስተዋል አልልም፤ በዚያ ዓመት ብዙም አያስገቡትም ነበር። ግን ከስንብቱ በኋላ በሁለቱ ወገን የተወራው ክፉ ወሬ አሳዝኖኛል። እንደዚያ ያለ ሰው መለያየቱ ሊያምርለት ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ጋሼ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ወጣቶች ጋር ኳስ ይጫወታል። ደስ ይለኛል፣ ሱስ የለበትም፣ ከቤት የሚያወጣው ኳስ ብቻ ነው። ሰሞኑን ግን ሲሮጥ ደረቱን ጭምቅ እንደሚያደርገውና ሲቀመጥ እንደሚተወው ነገረኝ። «ጨጓራ ነው» ይላል። ወጣቶቹ «በረኛ ሁን» ብለውታል፣ እሱ እምቢ አለ። እኔ ነኝ የማበዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበዛሽም። አንቺ ባትጽፊ ኖሮ ነበር የሚያስፈራው። ደረት ሲሮጡ የሚጨምቅ፣ ሲያርፉ የሚተው ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ልብ ነው። ምናልባት ጨጓራ ይሆናል፣ ይሁንለት፣ ግን ያንን የሚለየው ሐኪም ነው። ከ35 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ስፖርት እየሠሩ በድንገት ሲሞቱ ዋናው ምክንያት የልብ ደም ሥር መጥበብ ነው፣ ከእነሱም ውስጥ ከዚያ በፊት ልክ ባለቤትሽ እንዳለው ዓይነት ምልክት አይተው የናቁት አሉ።

በረኛ መሆኑ መፍትሔ አይደለም። እስኪመረመር ድረስ ጭራሽ አይጫወት። የደም ግፊቱና ስኳሩ ይታይ፣ የልብ ምርመራም ይደረግለት። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ተኝቶ የሚነሳው የልብ ምርመራ ደህና ነው ቢባል እንኳ ጉዳዩ አላለቀም፣ ምክንያቱም ሕመሙ የሚመጣው ሲሮጥ ነው። እየተራመደ ወይም እየሮጠ የሚደረግ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። ጭምቀቱ ቁጭ ብሎ እያለ ከመጣ፣ ወደ ክንዱ ወይ ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ወይም ላብ ካጠመቀው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰጂው።

ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ወደ ሜዳው ይመለሳል፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ ታይዋለሽ። እስከዚያው ቅዳሜ ሲነሳ ታኬታውን እንዳያገኘው አስቀምጪበት። ሰኞ ጠዋት አብረሽው ሂጂ፣ ሐኪሙ ክፍልም አብረሽው ግቢ። ብቻውን ከገባ እዚያም «ጨጓራ ነው» ማለቱ አይቀርም፣ ሲሮጥ እንደሚጨምቀው የምትናገሪው አንቺ ነሽ።